«ፒኤች 4.8» የሚል ወረቀት ለደረሳቸው የገብስ ገበሬ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከአዊ፣ ከባንጃ አካባቢ ነው። ከቤቴ ራቅ ብሎ አንድ ቃዳ ማሳ አለኝ። ገብስ ስዘራበት ከበቀለ ከወር በኋላ ቢጫ ይሆንና ይቀጭጫል፤ ባቄላማ ጭራሽ አይሞከርም። ዘንድሮ ማዳበሪያውን በእጥፍ ባደርገው ከወጪ በቀር ያተረፈልኝ ነገር የለም። የጓሮዬ ገብስ ግን ዘሩም ዝናቡም ያው ሆኖ ያምራል። አፈሩን አስመርምሬ «ፒኤች 4.8፣ ተለዋዋጭ አሲድነት 2» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፤ ኖራ ጨምር ተባልሁ። ይህ አሲድ ከየት መጣ? ኖራውስ ስንት ኩንታል ይበቃኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጓሮዎን ነገር ማንሳትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ የመልሱ ግማሽ ያለው እዚያው ጓሮዎ ውስጥ ነውና እመለስበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ አደራ፦ አሲዱ ሳይስተካከል ለዚያ ማሳ ተጨማሪ ማዳበሪያ አይግዙ። ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼበት ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ቢጫ ገብስ ባየሁ ቁጥር «ማዳበሪያ አንሶት ነው» እያልሁ ገበሬውን ላልተገባ ዕዳ ዳርጌአለሁ። በኋላ አንድ ቀን ከአንዲት እናት ማሳ ላይ ገብሱን ከነሥሩ ነቅዬ በጣሳ ውኃ አጠብሁት። ሥሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ዶልዱሟል፤ እንደ ጸጉር የሚሳሱት ቀጫጭን ሥሮች የሉም። እንዲህ ያለ ተክል ማዳበሪያ ቢከመርለት በምን አፉ ይበላዋል?

አሲድ ሲባል የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ፈሳሽ ብቻ አይምሰልዎት። ሎሚም አሲድ አለው፤ እርጎም፣ የቦካ ሊጥም እንዲሁ። ለአሲድነታቸው ምክንያቱ ኬሚስቶች የሃይድሮጂን አዮን የሚሉት ነገር ነው። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም ነው። ሙሉን እንደ እጅ ይቁጠሩት፦ ሃይድሮጂን አንድ እጅ አለው፣ ካልሲየም ሁለት፣ አሉሚኒየም ሦስት። እነዚህን ቁጥሮች ይያዙልኝ፤ የኖራውን ኩንታል የምናሰላው በእነሱ ነው።

ፒኤች የዚህ የሃይድሮጂን አዮን መለኪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል፤ 7 መሐሉ ነው፣ ከዚያ ሲወርድ አሲድ፣ ሲወጣ ቤዝ ይባላል። ልኬቱን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን የሚሠራው ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነበር። ቢራ በሚጠመቅበት ቤት የተወለደ መለኪያ ዛሬ የባንጃን ገብስ ሲታደግ ማየት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ያታልላል፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ 10 እጥፍ ይጨምራል። የእርስዎ 4.8 ከ5.8 በአንድ ብቻ ያነሰ ይመስላል፤ አሲዱ ግን 10 እጥፍ ነው። ከ6.8 ጋር ሲተያይ 100 እጥፍ ይሆናል።

ከየት መጣ ላሉት፣ የሸክላ አፈርን ቅንጣት ከብት እንደሚታሰርበት ችካል አድርገው ያስቡት። ቅንጣቱ አሉታዊ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን አዮኖች አስሮ ይይዛል። በደህናው ጊዜ ችካሉ ላይ የታሰሩት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ናቸው። በእናንተ አገር ክረምቱ ብርቱ ነው፤ የዝናቡ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቅልና ራሱ ለስላሳ አሲድ ይሆናል። በዚያ ላይ ዩሪያ በባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቃል። እህሉም ገለባውም በየዓመቱ ከማሳው ሲወጣ ካልሲየሙን ይዞ ይወጣል። እንዲህ እየሆነ በዘመናት ውስጥ ካልሲየሙ ታጥቦ ሲሄድ በባዶው ችካል ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይታሰሩበታል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ በሽታ የተጠቃ ነው።

ዋናው ጠላት እንግዲህ አሉሚኒየሙ ነው። አሉሚኒየም በማንኛውም ሸክላ አፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ፒኤች ከ5.5 በላይ እስከሆነ ድረስ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለሚቀመጥ ማንንም አይነካም። ከዚያ በታች ሲወርድ ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ይህም አልበቃ ብሎት ፎስፎረሱን ጭምር አንቆ ይይዛል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ የሚገዛው በአብዛኛው ለፎስፎረሱ ነው፤ ከ100 ኪሎው 38 ኪሎው በኦክሳይድ ስሌት ፎስፎረስ ነው። በእርስዎ ማሳ ግን ብዙው ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ውኃ የማያሟሟው ነገር ይሆናል። በእጥፍ የጨመሩት ማዳበሪያ የት ገባ ካሉ፣ እዚያው አፈሩ ውስጥ ተቆልፎበት ነው።

ጓሮዎን ያዳነው የምድጃ አመድና የከብቱ ፍግ ነው። አመድ ውስጥ የካልሲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ካርቦኔት ደግሞ አሲድን ያጠፋል። ባለቤትዎ ለዓመታት አመዱን እየጠረጉ ሲደፉበት ሳያውቁት አፈሩን ሲያክሙ ኖረዋል። አመዱ ለራቀው ማሳ ቢበቃ ኖሮ እሱኑ ይውሰዱ እል ነበር፤ ነገር ግን በክብደት ሲታይ ጉልበቱ ከኖራ ያንሳል፣ የአንድ ቤት ምድጃም ይህን ያህል አመድ አይሰጥም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፒኤች የሚነግረን በአፈሩ እርጥበት ውስጥ የሚንሳፈፈውን አሲድ ብርታት ነው፤ በዋንጫ ቀምሰው ጠላው መኮምጠጡን እንደሚያውቁት ማለት ነው። በጋኑ ውስጥ ስንት እንዳለ ግን ዋንጫው አይነግርዎትም። የጋኑን መጠን የሚነግረን ሁለተኛው ቁጥር፣ ችካል ላይ የታሰረው «ተለዋዋጭ አሲድነት 2» ነው። ትርጉሙ በአንድ ኪሎ አፈር 2 ሳንቲሞል ማለት ነው። ሞል ቁጥር ነው፤ በግ በራስ ይቆጠራል፣ ጤፍን ግን ፍሬ በፍሬ የሚቆጥር የለም፣ በኩንታል ይመዘናል። አቶምም እንዲሁ በሚዛን ነው የሚቆጠረው። አንድ ሞል 602 ተጽፎ 21 ዜሮ የሚከተለው ብዛት ነው፤ ሳንቲሞል የሞል መቶኛ ነው።

አንድ ሄክታር መሬት እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል 1.8 ሚሊዮን ኪሎ ይሆናል። በኪሎ 2 ሳንቲሞል ሲባዛ 36,000 ሞል አሲድ አለ ማለት ነው። የግብርና ኖራ የተፈጨ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አንድ ሞሉ 100 ግራም ይመዝናል። ካልሲየም ባለ ሁለት እጅ ስለሆነ አንዱ ሞል ሁለት ሞል አሲድ ያጠፋል። ስለዚህ 18,000 ሞል ኖራ ያስፈልጋል፤ 1,800 ኪሎ፣ ማለትም 18 ኩንታል በሄክታር። በማረሻ ሲገለበጥ ኖራው ሁሉን ቅንጣት ስለማያገኝ አንድ ተኩል ጊዜ አባዝተን 27 ኩንታል እናደርገዋለን። ለእርስዎ አንድ ቃዳ፣ ለሩብ ሄክታሩ፣ 6 ኩንታል ከ75 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህ ለንጹሕ ኖራ ነው። የአፈርዎ ክብደት ከ1.2 የተለየ ከሆነ ወይም ኖራው ንጹሕ ካልሆነ ሒሳቡ ስለሚለወጥ፣ ወረቀቱን ይዘው ከቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ጋር አንድ ጊዜ ይከልሱት። «ጎረቤቴ ይህን ያህል ጨመረ» በሚል ግን አይጨምሩ፤ ኖራ ሲበዛ ዚንክና ማንጋኒዝ ለተክሉ እንዳይደርሱ ይከለክላል።

ኖራው ሲመጣልዎት ከጆንያው አንድ ማንኪያ ያህል በሲኒ ያድርጉና ሎሚ ይጭመቁበት። እንደ አምቦ ውኃ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለው፤ የሚወጣው ጋዝም አምቦ ውኃን የሚያንተከትከው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲኒው ውስጥ የሚያዩት በማሳዎ የሚሆነውን ነው፤ አሲዱና ካርቦኔቱ ተገናኝተው ውኃና ጋዝ ሆነው ይለያያሉ፣ ካልሲየሙ ወደ ችካሉ ይመለሳል። አረፋ ካላወጣ ባለሙያ ሳያየው አይበትኑት፤ ጂፕሰምም ነጭ ዱቄት ነው፣ አሲድ ግን አያጠፋም። ለግድግዳ የሚሆነውን፣ ውኃ ሲነካው የሚፈላውን የተቃጠለ ኖራ በፍጹም አይጠቀሙ። እሱ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ 56 ኪሎው የ100 ኪሎ የግብርና ኖራን ሥራ ስለሚሠራም ከላይ ያሰላነው መጠን ይበዛበታል።

የሚበተነው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ አፈሩ እርጥበት ሲኖረው፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ነው፤ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ይሸፍኑ። የላመው ቶሎ ይሠራል፣ አሸዋ የሚመስለው ዓመታት ይፈጅበታል። በተኑ ማለት ጨረሱ ማለት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ አርሰው ይቀላቅሉት። ዩሪያን ከኖራ ጋር አንድ ላይ አይበትኑ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ሽታውን በአፍንጫዎ ያውቁታል። ፍግና ኮምፖስት ካለዎት ይጨምሩበት፤ የበሰበሰ ነገር አሉሚኒየሙን ይይዝልዎታል። ኖራው እስኪገኝ ድረስ ማሳው ጦም እንዳያድር ድንች ወይም ግብጦ ያድርጉበት፤ ሁለቱም ከገብስና ከባቄላ ይልቅ አሲድ ይችላሉ።

ሲበትኑ ግን ከማሳው ዳር አንድ አምስት እርምጃ የሚሰፋ ቦታ ኖራ ሳይነካው ይተዉ። ገብሱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ከሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ተክል ከነሥሩ ቆፍረው ያውጡ፤ በጣሳ ውኃ አጥበው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፣ ያዩትንም ይጻፉልኝ።