አመድ የበዛበት ቆስጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በረንዳዬ ላይ በ20 ሊትር ባልዲዎች ቆስጣና ቲማቲም ተክያለሁ። እናቴ ገጠር እያለን የምድጃውን አመድ ጓሮዋ ላይ ትደፋ ነበር፣ ጎመኗም ያስቀና ነበር። እኔም በየሳምንቱ የከሰል አመድ እጨምራለሁ። አሁን ግን አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖብኛል። ዩሪያ ልጨምርበት ይሆን? (ከአዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አመዱን አቁሚ። ዩሪያውንም ለጊዜው አትንኪ።

እናትሽ ያደረጉት ልክ ነው። በደቡብ እንሰት ያላቸው ቤተሰቦችም አመዱን ከቤት ጥራጊና ከእበት ጋር እንሰቱ ስር ያደርጉታል። እዚህ ላይ እበቷን ልብ በይ። ቅጠል የሚያለመልመው ናይትሮጅን ነው፣ እንጨት ሲነድ ደግሞ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ውስጥ የሚቀረው በብዛት ካልሲየም፣ ቀጥሎ ፖታሲየም፣ ከዚያ ትንሽ ማግኒዥየምና ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ አመድ ከማዳበሪያነቱ ይልቅ ኖራነቱ ያመዝናል። ወለጋና ጎጃም አፈሩ አሲዳማ የሆነባቸው ገበሬዎች ኖራ የሚበትኑት አሲዱን ለማብረድ ነው፣ እንደዚያ ባለ መሬት ላይ አመድም ይጠቅማል።

ያንቺ ባልዲ ውስጥ ያለው አፈር ግን እፍኝ ነው። ጓሮ ላይ የተደፋውን ዝናብ ያጥበዋል፣ ሰፊው መሬት ይካፈለዋል፤ ባልዲ ውስጥ የገባው ግን እዚያው ይከማቻል፣ የአፈሩም ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሽቅብ ሲወጣ አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው) ቶሎ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው ያቅተዋል።

እስቲ አንድ ቅጠል ቁረጪና ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪው። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ነው፣ አመድ በዝቷል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቀድሞ ጅማቱም ሳይቀር ከገረጣ ግን የራበው ናይትሮጅን ነው። አንቺ አዲሱ ነው ስላልሽ፣ በየሳምንቱም ስለጨመርሽ፣ እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው።

ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን አፈር ከላይ ጫሪና አውጪ፣ በበሰለ ኮምፖስት ተኪው። ከዚያ ከታች በደንብ እስኪፈስ ደጋግመሽ ውሃ አጠጪ፤ ከአመዱ የተጠራቀመውን ጨው ይዞት ይወጣል። ሳህኑ ላይ የቆመውን ውሃ ድፊው። ባልዲው ቀዳዳ ከሌለው ዛሬውኑ ብሺው! ቢጫ የሆነው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፣ አንቺ የምታዪው ከዚህ በኋላ የሚወጣውን ነው።

ወደፊት ለአንድ 20 ሊትር ባልዲ አንድ የሾርባ ማንኪያ አመድ ለዓመት ይበቃል። ከመትከልሽ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ከአፈሩ ጋር አዋህጂው። ዘርና ለጋ ችግኝ ላይ አይነስነስ፣ ያቃጥላል።

ዩሪያን ከአመድ ጋር ካገናኘሽው ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ገንዘብሽም አብሮት። ያልበሰለ የዶሮ ኩስም እንደዚያው ነው። በበረንዳ ደረጃ ኮምፖስት ይሻልሻል፣ የጎመን ግንጣይና የቡና አተላ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያጠራቀምሽ ራስሽ ልታዘጋጂው ትችያለሽ።

ሌላው፣ ከሰሉን በምን ነው የምታያይዢው? ብዙ ቤት ፌስታል ወይም ላስቲክ ይማገዳል። የዚያ አመድ ለምንበላው ነገር አይሆንም፣ ጣይው። ቀለም የተቀባ እንጨትና የችፑድ ስብርባሪም ያው ነው። ንጹሑን በወንፊት ነፍተሽ (አፍንጫሽን ሸፍነሽ) ክዳን ባለው ጣሳ አስቀምጪው። ዝናብ የመታው አመድ ፖታሲየሙ ታጥቧል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የቡና ተክል አለኝ። የፋየርፕሌስ አመድ ልስጠው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትስጠው። ቡና ትንሽ አሲዳማ የሆነ አፈር ነው የሚስማማው፣ አመድ ደግሞ በተቃራኒው ይወስደዋል። ብሉቤሪና ጋርደኒያም እንደ ቡናው ናቸው። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ካለህ ግን ለእነሱ በዓመት ቆንጠር ብታደርግ ይችሉታል። የግሪሉን አመድ ግን ለየትኛውም አትጠቀም፤ እዚያ አገር ለግሪል የሚሸጠው ተጨፍልቆ የተሠራ ከሰል ማጣበቂያ፣ አንዳንዱም ድንጋይ ከሰል አለበት።