መልስ፦ «የጎረቤቴ ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ፤ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ኪሎ ያለችው ጎረቤትሽ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ባሏ ሥራ ከፈታ ቆይቷል፣ የ9 ዓመቱ ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል፣ ቤቱም ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ሆኗል። ልጁ ሰንፎ ይሆን ወይ ብለሻል። አይመስለኝም።

እኔ ልደታ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ነው ያደግነው። አባትና እናቴ የሚጣሉት ሁሌ አስቤዛ ሲያልቅ ነበር። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እንሰማለን። በማግስቱ መምህሩ የሚለው ጆሮዬ አይገባም። እናቴ «ጠግቤያለሁ» ስትል እንዳልበላች አውቃለሁ። ልጅ ይህን ሁሉ ያያል። ራሱን እንደ ሸክም ይቆጥራል፤ አንዳንዱማ ሊስትሮ ልሥራ ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ለብቻው፣ ሳትቆጪ አናግሪው። የሚማረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ከከተማው አስተዳደር ይሰጣል። ሲቀር ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

እናቱን ደግሞ ወረዳ ይዘሻት ሂጂ። በ2009 ዓ.ም. ስለተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች ሥራና ገንዘብ ስለሚሰጠው ድጋፍ፣ ጠይቁ። የጤና መድኑንም አትርሱ፤ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መዋጮው ይሸፈናል።

አባትየውን ብቻውን አትተዉት። ሥራ ያጣ አባት በገዛ ቤቱ አንገቱን ይደፋል። የሚያከብረው ጓደኛ ካለ እሱ ያናግረው።

ልጁ ሲመለስ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።