ሥዕሌን ስንት ልበል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ በዘይት ቀለም እሥላለሁ። ገዢ ሲመጣ ዋጋ መጥራት ይጨንቀኛል፤ ዘመድ ደግሞ በነፃ ይፈልጋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ በስፋት አስላው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ብር ካልክ 50 በ70 የሆነ ሸራ 7000 ብር ይመጣል፣ ፍሬሙን ለብቻ ደምር። የገዢውን ፊት እያየህ ዋጋ አትቀያይር፣ ወሬው ይዞራል። ጋለሪ ኮሚሽን ይቆርጣል ብለህም ቤትህ ድረስ ለመጣው አታርክስ፣ ጋለሪው ይቀየምሃል። ትዕዛዝ ከሆነ ቀብድ ሳትቀበል ብሩሽ አታንሳ። ዘመድ? የእርሳስ ንድፍ ስጠው፤ ሸራው በዋጋው ነው። ሐሳብ ሲነጥፍብህ ደብተርህን ይዘህ አንኮበር ውጣ፣ አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱበት አገር እኮ ነው። ደግሞ በእናንተ ብርድ የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅምና፣ በተለይ ወፈር አድርገህ ከቀባህ፣ የማስረከቢያውን ቀን በሳምንታት አርቀው።