መልስ፦ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ውፍረት ካንሰሩን ይመልሰዋል ወይ?

ሰላም። አባትዎ ፕሮስቴታቸው ከወጣ ወዲህ 94 ኪሎ ገብተዋል፣ ፒኤስኤያቸው (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ ካንሰሩን ለመከታተል በደም የሚለካው ፕሮቲን) ግን ዝቅተኛ ነው፤ ያሳስባል ወይ ብለው ጠይቀዋል።

ውፍረት ብቻውን ይመልሰዋል አይባልም፤ ዕድሉን ግን ከፍ ያደርጋል። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው 5 ዓመት በፊት አንሥቶ እስከ 1 ዓመት በኋላ ከ2.2 ኪሎ በላይ የጨመሩት፣ ክብደታቸው ካልተለወጠው ጋር ሲነጻጸሩ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው የፒኤስኤውን ነገር ነው። የወፍራም ሰው ደም ፈሳሹ ስለሚበዛ ፒኤስኤው ተበርዞ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ሳይሆን አካሄዱን ይዩ፤ ምርመራውም ሁሌ አንድ ላቦራቶሪ ይሁን፣ ማሽን ሲቀየር ውጤቱም ይዛነፋል። 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ተመልሷል ይባላል። ግን 0.03፣ 0.06፣ 0.11 እያለ ከወጣ 0.2ን አይጠብቁ፣ ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ የጨረር ሕክምና ካስፈለገ ቀድሞ መጀመሩ ይሻላል።

ክብደቱን በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ በባዶ ሆድ ይመዝኑ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። የሆርሞን መርፌ (ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጥ ሕክምና) ከጀመሩ ጡንቻ እየቀነሰ ስብ ስለሚጨምር ሚዛኑ ያታልላል፤ ወገባቸውንም በሜትር ይለኩ።

ምግብ ላይ መጀመሪያ ዘይቱን ይያዙ (በጾምም የሚያወፍረው እሱ ነው)። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሽሮው ድስት ላይ የሚንቆረቆረውን በማንኪያ ቆጥረው ይጨምሩ።