ከእግር ጆሮ ይቅደም

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ ጀርመን ሄጄ ሥራ ለመጀመር ሦስት ወር ገደማ ይቀረኛል። ሀገሩን ቀድሜ ልወቀው ብዬ ፖድካስት እሰማለሁ፤ ሰምቼ ስጨርስ ግን የያዝኩት ነገር የለም። ምን ልስማ? እንዴትስ ልስማ?

መልስ፦ ቋንቋው ገና ከከበደዎት በዶይቸ ቬለ «ላንግዛም ገሽፕሮኸነ ናኽሪሽተን» ይጀምሩ። ዜናው ቀስ ተብሎ ይነበባል፤ ጽሑፉም አብሮ ይወጣል። አንዱን ዜና መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ፣ ቀጥሎ እያነበቡ፣ ከዚያ መልሰው ጽሑፉን ዘግተው ይስሙት። ከአንድ ዜና አምስት ቃል ከያዙ ይበቃል። ወደ ተራ ወሬ ፕሮግራም ሲሻገሩ ፍጥነቱን 0.8 ላይ ያድርጉት። ከዚያ በጣም ካወረዱት ድምፁ ይጎተትና የቃላቱ መጨረሻ ይጠፋል።

ዜና ግን ኑሮ አያስተምርም። ፕሮግራም ሲፈልጉ «ሚተ» (ኪራይ)፣ «አርባይትስሬሽት» (የሥራ ሕግ)፣ «ፍሌገ» (የሕሙማን እንክብካቤ) እያሉ በጀርመንኛ ይፈልጉ። በእንግሊዝኛ ከፈለጉ የሚመጣልዎት በአብዛኛው እዚያ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጨዋታ ነው። እሱም አይጠላም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚያስደነግጥ ከእነሱ በላይ የሚነግርዎ የለም። ሕግ ላይ ግን አይመኗቸው፦ ሀገሩ 16 ክፍላተ ሀገር አለው፤ የነርስነት ማስረጃዎን የሚመረምረውም የሚሄዱበት ክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ ባቫሪያ ያየው በርሊን ላይሠራ ይችላል።

ሲሰሙ ደጋግመው የሚመጡ የገንዘብ ቃላትን ያሳድዱ። ስለ ቤት ሲወራ «ካልትሚተ» እና «ቫርምሚተ» ይባላል፤ ቀዝቃዛ ኪራይና ሞቃት ኪራይ እንደ ማለት። ቀዝቃዛው የቤቱ ብቻ ነው፤ ሞቃቱ ማሞቂያና የሕንፃው ወጪ የተጨመረበት ነው። መብራት አብዛኛውን ጊዜ በሞቃቱም ውስጥ የለም። ደመወዝም ሲጠራ ብዙ ጊዜ «ብሩቶ» ነው፤ ግብርና የኢንሹራንስ መዋጮ ገና አልተቀነሰለትም። በብሩቶና በካልትሚተ በጀት የሚያወጣ ሰው ከሁለቱም ጫፍ ይጎድልበታል።

ከመስማትዎ በፊት የፖድካስቱ ክፍል የወጣበትን ቀን ይዩ። የሠለጠነ ባለሙያ የሚገባበት ሕግ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በደረጃ ተሻሽሏል፤ ከዚያ በፊት ስለ ቪዛ የተወራ ካጋጠመዎ ይለፉት። የሰሙትንም «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ያመሳክሩ። ተናጋሪው ሠራተኛ የሚያስቀጥር ደላላ ከሆነማ ምክሩ ማስታወቂያ ነው።

ጥያቄ፦ ፖድካስት ኢንተርኔቴን ይበላብኛል፤ መላ አለው?

መልስ፦ በዋይፋይ አውርደው ያለ ኢንተርኔት ይስሙ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀረጸ የ30 ደቂቃ ክፍል 29 ሜጋባይት ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአፑ ነው፤ የተመዘገቡበትን ሁሉ በራሱ ያወርዳል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ያጥፉት።