13 ላሜራ፣ 12 ክፍተት፣ ጋዝ ግን የለም

ከአዳማ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ሴል ሠርቻለሁ። 13 የስቴንለስ ላሜራ ነው፤ የእያንዳንዱ የሚሠራ ፊት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ጨመርኩ። መጀመሪያ አንዱን ፖዘቲቭ፣ ቀጣዩን ኔጌቲቭ እያደረግኩ ሁሉንም ባትሪው ላይ አሰርኩ። ጋዝ ይሰጣል፣ ግን 40 አምፔር ይስባል። በአሥር ደቂቃ እጅ አያስነካም፤ ውሃውም ቡናማ ሆነ። ጓደኛዬ ‹የመካከሉን ባዶ ተወው› ሲለኝ ዳርና ዳሩን ብቻ አሰርኩ። አሁን አይሞቅም፣ ግን 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። አረፋው ዳር ላይ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይላል። ሐሳቤ መኪናዬ ላይ ገጥሜ ቤንዚን መቆጠብ ነው። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጊዜ ተሳስተሃል። ደግነቱ አንድ ላሜራ እንኳ ሳትገዛ ይስተካከላል።

ላሜራ መቁጠሩን ተወውና ክፍተት ቁጠር። ጋዙ የሚወጣው ሁለት ላሜራዎች ፊት ለፊት በሚተያዩበት ቀጭን ውሃ ውስጥ ነው። 13 ላሜራ 12 ክፍተት አለው። ውሃ ከ1.23 ቮልት በታች አይሰነጠቅም፤ ድርድር የለውም። በእኛ የቤት ሥራ፣ በስቴንለስ፣ ደህና ጋዝ ለማየት በአንድ ክፍተት 2 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ከዚያ የተረፈው ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚሄደው።

አሁን የመጀመሪያውን አስተሳሰርህን እየው። እያንዳንዱ ክፍተት ሙሉ 12 ቮልት ደርሶታል። 2ቱ ጋዝ ሠራ፣ 10ሩ ውሃ አፈላ። ሻይ ብትጥድበት ያዋጣህ ነበር። ደግሞም ውሃው በሞቀ ቁጥር ኮረንቲ ይበልጥ ያሳልፋል፤ ኮረንቲው ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ እንዲህ እያለ ሽቦህ እስኪቀልጥ ይሄዳል።

ሁለተኛው ላይ ደግሞ ባትሪህን ለ12 ክፍተት አካፈልከው። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው፤ ለ12 ሲካፈል 1.05 ቮልት ይሆናል። ከ1.23 በታች! ጓደኛህ ሐሳቡ ልክ ነበር፣ ቁጥሩን ነው የሳተው። ያቺ ዳር ላይ የምታያት አረፋ ደግሞ የመካከለኞቹን ላሜራዎች ሳይነካ ውሃና ጋዝ እንዲያልፍባቸው በተበሱት ቀዳዳዎች ውስጥ ሾልኮ የሚያልፍ ኮረንቲ ናት። እሷን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መፍትሔው ይኸውልህ። ላሜራዎቹን በማርከር ከ1 እስከ 13 ቁጠራቸው። 1ኛው ፖዘቲቭ። ከ2 እስከ 6 ያሉት ምንም ሽቦ አይነካቸውም። 7ኛው ኔጌቲቭ። ከ8 እስከ 12 እንደገና ነጻ። 13ኛው ፖዘቲቭ፣ ከ1ኛው ጋር በአንድ ሽቦ ይያያዛል። አሁን ባለ 6 ክፍተት ሁለት ሴል ጎን ለጎን አለህ ማለት ነው። በባትሪ ብቻ እያንዳንዱ ክፍተት 2.1 ቮልት፣ ሞተር ተነስቶ ዲናሞው 13.8 ሲሰጥ 2.3 ቮልት ያገኛል። ትንሽ ይሞቃል፣ ግን እጅ ያስነካል። አንድ ነገር አትርሳ፦ 7ኛው ላሜራ የሁለቱንም ወገን ኮረንቲ ብቻውን ስለሚሸከም ቡሎኑን በደንብ አጥብቀው። ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ባትሪው አጠገብ የ20 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ላሜራዎቹን አጥብቆ የሚይዘው ረጅም ቡሎን ብረት ከሆነ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው። ቡሎኑ ነጻ የሆኑትን ላሜራዎች ከነካ ሥራህ ሁሉ ገደል ገባ።

ስትጨርስ ቴስተር ያዝና እያንዳንዱን ክፍተት ለካ፤ 1 ከ2፣ 2 ከ3፣ እንዲህ እያልክ። ሁሉም ወደ 2 ቮልት ከተጠጉ ጨርሰሃል። አንዱ ዜሮ ካነበበ ሁለቱ ላሜራዎች ተነካክተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ላስቲክ (ጋስኬቱ) ተጣሟል ወይ መካከላቸው የብረት ብናኝ ገብቷል። የእሱ ድርሻ ለሌሎቹ ስለሚከፋፈል እነሱ ከፍ ብለው ታገኛቸዋለህ። ብዙ ሰው ይህን ልኬት ዘሎ ውሃውን ሲቀያይር ይውላል።

ወደ ቀዳዳው እንመለስ። አብዛኛው ሰው ሁሉንም ላሜራ ደርቦ አንድ ላይ በትራፓኖ ይበሳል። ቀላል ነው፣ እኔም ድሮ እንደዚያው ነበር የማደርገው። ግን ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ኮረንቲው ቀጥ ያለ አስፋልት አገኘ ማለት ነው፤ ነጻ ላሜራዎቹን ዘሎ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። አምፔር ትከፍላለህ፣ ጋዝ ግን አታገኝም። የታችኛውን የውሃ ቀዳዳ ከ5 እና 6 ሚሊ ሜትር አታሳልፈው። አንዱ ላሜራ ላይ ግራ ጥግ፣ ቀጣዩ ላይ ቀኝ ጥግ አድርገው። የላይኛው የጋዝ መውጫ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ችግር የለም፣ የውሃው ልክ ከእሱ በታች እስከቆመ ድረስ። ውሃው እዚያ ከደረሰ ለኮረንቲው ሌላ ማምለጫ ከፈትክለት።

ጨውን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣህ ነው። በጨው ውሃ ከፖዘቲቩ ላሜራ ክሎሪን ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ስቴንለሱንም ይበሳሳዋል። ቡናማው ነገር የላሜራህ ብረት ነው። ውስጡ ክሮሚየምና ኒኬል ስላለበት በባዶ እጅ አትንካው፣ ጓሮም አትድፋው። የባትሪ አሲድም አይሆንም፣ ስቴንለሱን ይበላዋል። ትክክለኛው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ካጣህ ሳሙና የሚሠሩበት ኮስቲክ ሶዳ ይሆናል። ውሃው የተጣራ ይሁን። ሱቅ ውስጥ «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲሰጡህ አሲድ አለመሆኑን ጠይቅ። መነጽርና ጓንት አድርግ፤ ሶዳውን ወደ ውሃው ጥቂት ጥቂት ጨምር፣ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም። ቆዳህን ከነካህ በብዙ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጠብ። አሉሚኒየም ነገር አጠገቡ አይኑር፣ ያሟሟዋል።

መጠኑን በአምፔር ማንበቢያው ምራው። የዚህ ሥራ ሰዎች የሚይዙት ልክ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.08 አምፔር ገደማ ነው፤ ላንተ ላሜራ 8 አምፔር በአንድ ወገን፣ 16 በጠቅላላ። ሶዳውን በማንኪያ እየጨመርክ በቀዝቃዛው በጠቅላላ 12 አምፔር አካባቢ ሲደርስ አቁም። ሲሞቅ ራሱ ወደ 16 ይወጣል። ላሜራዎቹን አስቀድመህ በብርጭቆ ወረቀት በመስቀለኛ ፈትጋቸው፤ ለስላሳ ፊት ላይ አረፋው ተጣብቆ ይቀራል።

ጋዙስ በቂ ነው ወይ? እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዳይ በፈረንጆቹ 1830ዎቹ ያወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራልሃል። 1 አምፔር በአንድ ክፍተት በደቂቃ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሰጣል። 8 አምፔር፣ 12 ክፍተት፦ 1 ሊትር ትንሽ ያልፋል። ባለ 1 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ ባልዲ ውስጥ ድፋው፣ ቱቦውን ከሥሩ አስገባና ሰዓት ያዝ። በአንድ ደቂቃ አካባቢ ከሞላ ሴልህ ጤነኛ ነው። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ቀዳዳዎቹን ተጠራጠር። በጣም ሲሞቅ ግን እንፋሎት ስለሚደባለቅ ሴሉ ሳይግል ለካ።

ይህን ደጅ ላይ አድርገው፤ ጠርሙሱንም ወዲያው አራግፈው። የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ይዞ ስለሚመጣ ለመፈንዳት አየር እንኳ አይለምንም። እኔ አንዴ ሴሉ እየሠራ የባትሪ ክሊፕ ነቀልኩ። ብልጭ አለና ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚያልፍበት ጠርሙስ ተበታተነ። ሁለት ቀን ጆሮዬ ሲጮህ ከረመ። ስለዚህ ጋዙን አታጠራቅም። በሴሉና በቱቦው ጫፍ መካከል ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚያልፍበት ጠርሙስ ይኑር። ማብሪያ ማጥፊያውም ከጋዙ ራቅ ይበል።

ቤንዚን መቆጠቡን ግን እርሳው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ13.8 ቮልት 16 አምፔር ማለት 220 ዋት ነው። ከዚያ የሚወጣው ሃይድሮጅን ቢነድ 142 ዋት ገደማ ይሰጣል። በሰዓት 6 ሊትር የሚጠጣ መኪና ከቤንዚኑ የሚያገኘው ከ56,000 ዋት በላይ ነው። ያንተ ጋዝ ከ400 አንድ እጅ መሆኑ ነው። ዲናሞው ደግሞ ያንን 220 ዋት በነጻ አያመጣውም፣ ከሞተሩ ነው የሚቀማው። የሞተሩንና የዲናሞውን ብክነት ስትደምር ያቺን 142 ዋት ለማግኘት ከ1,000 ዋት በላይ የሚያወጣ ቤንዚን ታነዳለህ። በይነመረብ ላይ «ግማሽ በግማሽ ቀነሰልኝ» የሚለውን ሰው አልሰደብም፤ ምናልባት በዚያው ሰሞን ፊልትሮና ካንዴላ ቀይሮ ይሆናል።

ይህ ጋዝ የሚያምርበት ሌላ ቦታ ነው። ወርቅና ብር ሠሪ ጋ ቀጭን፣ ትኩስ ነበልባል ይፈለጋል፤ ለዚያ የተሠሩ ማሽኖች አሉ፣ መርሐቸውም ካንተ ሴል ጋር አንድ ነው። ለዚያ ከፈለግከው ግን እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መሣሪያ ሳትገጥም ክብሪት እንዳትጭር።

ለማንኛውም እንደገና ግጠመውና የ12ቱንም ክፍተት ቮልት ጽፈህ ላክልኝ። አንዱ ዜሮ ካለ ግን እኔን አትጠብቅ፤ ፈትተህ ጋስኬቱን እይ።