ሰው በማይደርስበት የበረሃ ሸለቆ ካርታ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ጅማ ሲቪል ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ነው። ሰርቬይንግ ክላስ የአሜሪካዋን ዩታ ግዛት በረሃ ካርታ አሳዩን፣ ኮንቱሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች) ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ሆነዋል። መንገድ በሌለበት ገደል እንዴት ለኩት? አሁንስ የሳተላይት ዳታ ብቻውን አይበቃም?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ያ አገር እኮ አሜሪካኖቹም ዘግይተው ነው ያወቁት፣ እስካላንቴ የሚባለው ወንዝ እ.ኤ.አ. እስከ 1872 ካርታ ላይ አልነበረም፣ የአሳሹ የፓወል ጉዞ ሰዎች ናቸው ያስገቡት። ግራንድ ካንየንን ደግሞ ካርታ ሠሪው ፍራንሷ ማቴስ ከ1902 ጀምሮ በፕሌን ቴብል አነሳው፣ ወረቀት የተወጠረበት ሰሌዳ ትሪፖድ ላይ አድርጎ ገደል አፋፍ ላይ ይቆምና ማዶ ያለውን ጫፍ በአሊዳድ (ማነጣጠሪያ ባለው ማስመሪያ) አነጣጥሮ መስመር ያሰምራል፣ ከዛ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ ጫፍ ደግሞ ያነጣጥራል፣ ሁለቱ መስመሮች የተቋረጡበት ነጥብ ቦታው ነው፣ እዛ ድረስ መሄድ የለም። በረሃ ለዚህ ይመቻል፣ እንደኛ ጫካ የሚጋርድ ነገር የለም።

ሳተላይት ግን ለሸለቆ ብቻውን አይበቃም፣ በዚህ አልደራደርም። በነፃ የምታወርደው ኤስአርቲኤም የሚባለው የመሬት ከፍታ ዳታ በ2000 ኢንዴቨር መንኮራኩር ላይ ሆኖ በራዳር የተለካ ነው፣ ራዳሩ ወደ ጎን ስለሚያይ ገደሉ ራሱ ይጋርደዋል፣ የተጋረደው ቦታ ባዶ ይቀርና በኋላ ከሌላ ምንጭ ወይ በግምት ይሞላል። አንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) የሚሸፍነውም 30 ሜትር ነው፣ አምስት ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ ሸለቆ እዛ ውስጥ ጭራሽ አይታይም።

ደግሞ ኮንቱር ኢንተርቫሉን (በሁለት ኮንቱሮች መሀል ያለውን የከፍታ ልዩነት) ሳታይ ካርታ አትመን። ዩታ ላይ በብዛት 40 ጫማ ነው፣ 12 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ስለዚህ 10 ሜትር ቀጥ ያለ ገደል በሁለት መስመሮች መሀል ከወደቀ ካርታው ላይ ለጥ ያለ ተዳፋት መስሎ ቁጭ ይላል፣ ሰው ደግሞ ያንን አምኖ ይወርዳል!

ለመሞከር ሩቅ አትሂድ፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የምታቋርጠው ጊቤ በረሃ አለልህ። የአገራችንን 1፡50,000 ካርታ ያዝ፣ ከኤስአርቲኤም ያወጣኸውን ኮንቱር ደርብበት፣ ያልተስማሙበት ቦታ ሄደህ በጂፒኤስ እይ። ቀድመህ ግን ዳተሙን (ቦታ የሚለካበትን የመነሻ ሥርዓት) አስተካክል፣ የድሮዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው የተሠሩት፣ ጂፒኤስህ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ላይ ከሆነ ነጥቦችህ ወደ 200 ሜትር ይሳሳታሉ።